ጨጓራ አይደለም

ሮቤራን የሰደበችው እትዬ ወለተሰንበት ናት፤ የኮሌጁ ገንዘብ ተቀባይ። ዕድሜዋ «እሳቸው» ያሰኛል፤ የዚያን ቀን አፏ ግን «እሷ» ከመባል በላይ አላተረፈላትም። ቀኑ የሕዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ነበር። ትናንት በየደጁ ሲጨስ የዋለው ቆሻሻ ገና ከከተማው ላይ አልለቀቀም፤ ሜክሲኮ ሁሉ ያረረ ጎማ ያረረ ጎማ ይሸታል። ሰልፉ ከካሸሯ መስኮት ተነስቶ እስከ ደረጃው ድረስ ተጠማዝዟል። ሁሉም የቆመው የፈተና መግቢያ ካርድ ሊወስድ ነው። ሮቤራ ተራው ደርሶ መታወቂያውን በመስኮቱ ቀዳዳ ሲያስገባ፣ እትዬ ወለተሰንበት መታወቂያውን አየችው፣ እሱን አየችው፣ ከዚያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ድምጿን ለሰልፉ ሁሉ ለቀቀችው።

«አንተ ነህ ምክር በዱቤ የወሰድከው?»

«ምን አሉኝ?»

«ምክር! የካውንስሊንጉን ነው የምልህ። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ብሏል። ምክር ሕክምና አይደለም አሉ፤ እውነታቸውን ነው! በእኛ ጊዜ ምክር በነጻ ነበር፤ ያውም ኩርኩም ተመርቆበት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። አንተን ደግሞ ካሸሯ ትምከርህ። ሂሳብህን ሳትዘጋ ካርድ የለም። ቀጣይ!»

ሰልፉ ሳቀ። ሰው ሲሰደብ ሰዳቢውን ብቻ የሚያስታውስ የታደለ ነው፤ ሮቤራ የሚያስታውሰው መጀመሪያ የሳቀውን ነው። ዞር ሳይል አወቀው። ጌጃ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ያደጉ ልጆች አንዱ የሌላውን ሳቅ አይስትም። የአብስራ ነበር። መሳቁ አልበቃ ብሎት፣ «ዱቤው! ቁም እንጂ፣ ለኔም ትንሽ ምክር አበድረኝ!» አለ።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ «ዱቤው» የሚለው ስም የብረታ ብረት ክፍልን አዳርሶ ኤሌክትሪሲቲ ክፍል ገብቶ ነበር።

ደግሞስ ወደ ምክር ክፍሉ ወዶ የሄደ ይመስል! የላኩት እነሱ ናቸው። ያስላከውም ይኸው የሳቀበት ጀለሱ ነው። ጥቅምት ላይ አንድ የሁለተኛ ዓመት ልጅ የአብስራን ኮፍያውን ነጥቆ ሽንት ቤት ሲወረውርበት፣ የአብስራ እንባው ዓይኑ ላይ ደርሶ ዝም ብሎ ቆመ። ዝም ያላለው ሮቤራ ነው። ልጁን በቡጢ አለው። አንዴ ከጀመረ በኋላ ደግሞ እጁ አልታዘዝ አለው፤ አስተማሪዎች ናቸው ከላዩ ላይ ያነሱት። ዲኑ ቢሮው ጠርቶ፣ «ወይ ዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ ወይ ምክር አገልግሎት። ምረጥ!» አለው። ዲሲፕሊን ኮሚቴ ማለት መባረር ነው። ይህ ምርጫ ከተባለ፣ መረጠ።

ገንዘቡም ቢሆን አንዴ ተከፍሏል። መስከረም ላይ፣ በምዝገባ ጊዜ፣ ከትምህርት ክፍያው ጋር የጤና መድን ተብሎ ከእያንዳንዱ ተማሪ ተቆርጧል። «ብትታመሙ ኮሌጁ ያሳክማችኋል፤ የምክር አገልግሎትም አለ፤ ወጪውን ኢንሹራንሱ ይሸፍናል» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። እናቱ ያንን ገንዘብ ከየት ከየት ለቃቅማ እንዳመጣችው ሮቤራ ያውቃል። አሁን ኢንሹራንሱ ኮሌጁ የላከውን ሂሳብ ሲያይ «ምክር» የምትል ቃል አገኘና፣ እኛ የተዋዋልነው ለሕክምና ነው ብሎ መለሰው። ኮሌጁ ደግሞ ከኢንሹራንሱ ጋር ከመከራከር ሮቤራን መጠየቅ ቀለለው። የተማረ ሰው ሲሳሳት ስሙ «አሠራር» ነው፤ ያልተማረው ሲሳሳት «ድንቁርና» ይባላል።

ከሰዓት በኋላ ክፍል አልገባም። በቀጥታ ወደ አማካሪው፣ ወደ መምህር ኃይለመለኮት ቢሮ ወጣ። ንዴቱ በሩን ማንኳኳት አስረስቶት ገፍቶ ከፈተው።

ወንበሩ ላይ የአብስራ ተቀምጧል።

ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶታል። እጁ ላይ የተጨማደደ ሶፍት አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሮቤራን ሲያይ እንደተያዘ ሌባ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«የስፖርት ክበብ ፎርም ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ በሮቤራ ጎን ተሸማቆ ወጣ።

መምህር ኃይለመለኮት ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ የሚለብስ፣ ተማሪን በስሙ የሚጠራ ሰው ነው። ሮቤራ መጀመሪያ ሰሞን እዚህ ክፍል ውስጥ ጥርሱን ነክሶ ግድግዳ እያየ ነበር ሰዓቱን የሚገፋው። ሰውየው አልጎተጎተውም። እሱም ዝም ብሎ ግድግዳውን አብሮት ያይ ነበር። አንድ ቀን ሮቤራ ሳያስበው ስለ አባቱ ማውራት ጀመረ፤ ጀምሮም ማቆም አቃተው።

«ቲቸር፣ በነጻ ነው ብለውኝ ነበር» አለ አሁን፣ ሳይቀመጥ።

«ኢንሹራንሱ ይሸፍነዋል ነው ያልኩህ።»

«ለኔ አንድ ነው።»

«ለኔም አንድ መስሎኝ ነበር» አለ ሰውየው አንገቱን እያከከ። «ተቀመጥ። መፍትሔ አለው። ሌሎችም ያደረጉት ነው። «ምክር» የሚለው ይሰረዝና ነርሷ ክሊኒክ እንደታከምክ አድርጋ ትጽፍልሃለች። አንተ ታክሜያለሁ ብለህ ትፈርማለህ፤ ኢንሹራንሱ ይከፍላል፤ ካርድህን ትወስዳለህ።»

«ምን ታክሜ?»

«ጨጓራ።»

ሮቤራ ጆሮው ጋለ።

«ጨጓራ ማንም አይጠራጠርም» አለ መምህሩ፣ የልጁን ፊት ሳያይ። «አገሩ ሁሉ ጨጓራ አለበት። ራጅ አይልህ፣ ደም ምርመራ አይልህ…»

«እኔ አልታመምኩም። ተናድጄ ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። ግን ኢንሹራንስ ለንዴት አይከፍልም።»

ለቀልድ ነበር ያለው። ቀና ብሎ ሮቤራን ሲያይ ግን ፈገግታው ከፊቱ ላይ ረገፈ። ልጁ እዚሁ ወንበር ላይ ያንን ሁሉ ሲያወራ አንዲት ቃል ብቻ አስቀርቶ ነበር። ሰውየው ሳያውቅ የረገጠው እሷኑ ነው።

አምና፣ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሰሞን ነው። አባቱ ዋቅሹማ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ፈተናው ሊጀመር ሲል ጭነት ይዞ ወደ አምቦ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሮቤራ ሲጠይቅ እናቱ፣ «ጨጓራው ተነስቶበት አምቦ ሆስፒታል ተኝቷል። ይሻለዋል፤ አንተ ፈተናህን ብቻ!» አለችው። ጎረቤቱ ጨጓራ አለ። ባለሱቁ ጨጓራ አለ። ከፊቱ ተቀምጦ አብሮት የሚፈተነው የአብስራም፣ «ባክህ ጨጓራ ሰው አይገልም» አለው። ሰፈሩ በሙሉ እሱ ሲያልፍ እንባውን ይውጥና፣ ካለፈ በኋላ ይተነፍስ ነበር። ወጉ ነው፤ ለተማሪ በፈተና ሰሞን መርዶ አይነገርም።

በመጨረሻው ቀን ሮቤራ የታክሲውን ገንዘብ አብሽ ገዛበት፤ ለጨጓራ ፍቱን ነው ሲባል ሰምቶ። ፈተናው ቀሎት ነበር። አብሹን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ በእግሩ፣ እያፏጨ ሰፈሩ ሲደርስ ድንኳን ተተክሎ አየ። አባቱ በመኪና አደጋ ሞቶ፣ እዚያው አምቦ፣ በትውልድ አገሩ ተቀብሮ፣ የመቃብሩ አፈር ደርቆ ነበር። ፌስታሉን የት እንደጣለው እስከ ዛሬ አያውቅም። እያፏጨ መድረሱን ግን ያውቃል። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ፉጨቱን ሰምተዋል።

«ቲቸር፣ አልፈርምም» አለ።

«ሮቤራ፣ ወረቀት እኮ ነው። አንዲት ቃል ናት።»

«እዚህ ቁጭ ብዬ ያወራሁት ስለ አባቴ ነው። አባቴ ጨጓራ አይደለም።»

መምህር ኃይለመለኮት፣ «እኔ ነገም ከነገ ወዲያም ዲኑን እለምናለሁ። ግን ዲኑን ታውቀዋለህ። እስከ ዓርብ ካልተዘጋ ካርድ አይሰጡህም፤ ፈተናው ሰኞ ነው» አለ።

ሮቤራ ወጣ። የአብስራ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ይጠብቀዋል።

«ምን አለህ?»

«ጨጓራ ሁን አለኝ።»

«እና? ፈርማ! ምን ትጃጃላለህ? እኔ ስፈርም…» ምላሱን ነከሰ። «ማለቴ፣ እኔ ብሆን እፈርም ነበር።»

ከታች ከመንገዱ የታክሲ ረዳቶች «አብነት! አብነት!» እያሉ ሲጮኹ ይሰማል።

«ጀለሴ፣ እዚህ እንዳየኸኝ ለማንም እንዳትተነፍስ» አለ የአብስራ። «የስፖርት ክበብ ፎርም ነው እሺ? ሼም ነው።»

«ለምን ሳቅክብኝ?»

«አቦ አታካብድ! ሁሉም እኮ ሳቀ።»

«መጀመሪያ የሳቅከው አንተ ነህ።»

የአብስራ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

እናቱ፣ ወይዘሮ እንዳለች፣ ሜክሲኮ ካሉት ሕንጻዎች አንዱን ነው የምታጸዳው። ማታ ስትገባ እግሯን ጨው ባለበት ሙቅ ውሃ ትነክራለች። ሮቤራ የሆነውን ሁሉ ሲነግራት በጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ጣቶቿን እያንቀሳቀሰች ሰማችው።

«ፈርም» አለች።

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትለኛለህ? ፈርም! እኔ ያንን ክፍያ ከሰው ቆሻሻ ላይ ለቅሜ ነው የከፈልኩት። ደግመህ ክፈል የሚሉህ እነሱ ሌባ ሆነው ሳለ አንተ ጻድቅ ልትሆን ነው? ጨጓራ በል፣ ቁርጥማት በል፣ የፈለጉትን በልና ፈተናህን ተፈተን! ለጥቅምህ ነው።»

«ያኔም ለጥቅምህ ነው ብላችሁኛል።»

የእግሯ ጣቶች ቆሙ።

«ያኔም ጨጓራ ነበር ያላችሁኝ» አለ ሮቤራ። «ሰፈሩ ሁሉ! ባለሱቁ ሳይቀር!»

«ፈተናህን እንድትጨርስ ብለን ነዋ! አባትህ ራሱ ቢሆን ሌላ ነገር ያደርግ ነበር? ስንት ዓመት የለፋህበትን…»

«ፈተናውን ጨረስኩ። ቀብሩ ግን አመለጠኝ።»

እናቱ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ቁጣው አልመጣላትም። እግሯን ከውሃው አውጥታ፣ ሳታደርቀው፣ ጎድጓዳውን አንስታ ወደ ደጅ ወጣች። ውሃው ቦዩ ውስጥ ሲደፋ ተሰማ፤ እሷ ግን ቶሎ አልተመለሰችም። ሮቤራ ይቅርታ ሊጠይቃት ፈለገ፣ ደግሞም አልፈለገም። ሁለቱንም አፍኖ ተኛ።

ጠዋት ነጠላዋን እያጣፋች በሩ ላይ ቆመች። ጀርባዋን ሰጥታው ነበር።

«ግትር ነህ። እንደ አባትህ» አለች። ከዚያ አንድ እግሯን አውጥታ፣ «እንዳትፈርም» ብላው ሄደች።

አብነት ውስጥ ከጃርሶ ብየዳ ቤት ሮቤራ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሠራል። ጃርሶ የአባቱ የአጎት ልጅ ነው። ሮቤራ ደሞዙን እጁ ላይ ከያዘው እንደሚያጠፋው ስለሚያውቅ እሱ ዘንድ ነው የሚያስቀምጠው፤ የኳስ ታኬታ ሊገዛበት። ታኬታው መርካቶ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል፤ ከተሰቀለም ከርሟል። ሐሙስ ዕለት ሄዶ ገንዘቡን ጠየቀ።

«ታኬታው ደረሰ?» አለ ጃርሶ መነጽሩን ከፍ አድርጎ።

«አይ፣ ጋሼ። ለምክር ነው።»

«ለምን?»

«ምክር። ኮሌጅ ውስጥ የመከሩኝን ልከፍል።»

ጃርሶ ሳቀ፤ አጠገቡ የቆመ የበር ፍሬም ላይ ተደግፎ ሳቀ። «ምክር በገንዘብ! እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት በነጻ ስመክርህ የነበርኩት ተዘርፌ ነዋ!» ቢሆንም ገንዘቡን አውጥቶ ሰጠው። ሲሰጠው ግን እጁን ለቀቅ አላደረገም። «የመከረህ ሰው ጠቀመህ?»

ሮቤራ አሰበ። «አዎ» አለ። ይህን «አዎ» ከአፉ ሲያወጣ ራሱም ገረመው።

«እንግዲያው ይሁን» አለ ጃርሶ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዓርብ ሰልፉ ያው ነው፤ መስኮቱም ያው፤ መነጽሯም ያው ግንባሯ ላይ። መምህር ኃይለመለኮት ዲኑን ለምኖ ነበር። ዲኑ «አሠራር አይፈቅድም» ብሏል።

ሮቤራ ገንዘቡን በቀዳዳው አስገባ። እትዬ ወለተሰንበት ገንዘቡን አየች፣ እሱን አየች፣ ደረሰኙን እየቆረጠች ራሷን ነቀነቀች።

«እንዲያው ኩራት!» አለች፤ እንደ ልማዷ ለሰልፉ። «የእናትህን ጉሮሮ አንቀህ ከምታመጣ ጨጓራ ብትል ምን ነበረበት? ስንቱ ተማሪ ከዚያ ክፍል እየወጣ በጨጓራ አልፏል!»

እናቱን ስታነሳ ሮቤራ መስኮቱን በቡጢ ሊለው እጁ ተነሳ። መስታወቱ ውስጥ የራሱን ፊት አየ። እጁን ኪሱ ከተተው።

ከኋላ ሰልፉ መንጫጫት ጀመረ። «ማን ማን ነው ጨጓራው?» አለ አንዱ። «እስኪ ጨጓራ ያለበት እጁን ያውጣ!» አለ ሌላው። ሁሉም ጎን ለጎን መተያየት ያዘ። ከመሃል አንድ ሳቅ ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም ጮክ ብሎ ወጣ።

«ዱቤው ዱቤውን ከፈለ!» አለ የአብስራ። «እልል በሉ እንጂ!»

ሰልፉ እልል አለ።

ሮቤራ ካርዱን ይዞ ዞረ። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ረጅም አይደለም። «የአብስራ፣ ጨጓራህ ተሻለህ?» ብቻ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ካሸሯ ሌላውን ሁሉ አዘጋጅታለታለች። ሰልፉ ወዲያው ይገባዋል፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ «ጨጓራው» የሚለው ስም ግቢውን ያዳርሳል፤ «ዱቤው»ን የሚያስታውስ አይኖርም። ሲያስበው ጣፈጠው። ሳምንቱን ሙሉ የመረረው አፉ ጣፈጠው።

የአብስራ የሮቤራን ዓይን አየ። የሚመጣውን አወቀ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ እንጂ ድምፁ ጠፋ። እጁ ወደ ኮፍያው ሄደ፤ ያን ቀን ሽንት ቤቱ በር ላይ እንደቆመው ቆመ።

ሮቤራ ይቅር አላለውም። ይቅር የሚያሰኝ ምንም ነገር አልተደረገለትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያቺ ቃል ግን እናቱ አፍ ላይ ነበረች፣ ባለሱቁ አፍ ላይ ነበረች፣ የመምህሩ አፍ ላይ ነበረች፣ አሁን ደግሞ የሰልፉ ሁሉ አፍ ላይ ናት። የእሱ አፍ ብቻ ነው የቀረው።

«ምነው ዱቤው፣ መልስ የለህም እንዴ?» አለ አንዱ።

ካርዱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የአብስራን ጎኑን ጨርፎ፣ አለፈ። ደረጃውን ወረደ። ከኋላው መሳቃቸውን፣ መዝፈናቸውን፣ ስሙን መጥራታቸውን ሰማ። በሩ ጋ ሲደርስ ጥርሱን ነክሶ፣ ዞር ሳይል፣ ወደ ጌጃ ሰፈር መንገዱን ያዘ።